የእህቱ ሴል ወንድሟን ለምን ይወጋል?

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። አፕላስቲክ አኒሚያ ይዞት መቅኔው ደም ማምረት ስላቆመ ውጭ አገር ሄደን ከ14 ዓመት እህቱ በተወሰደ ስቴም ሴል (ደም የሚያመነጭ ሴል) ንቅለ ተከላ ተደረገለት። «መቶ በመቶ ተመሳስለዋል» ተብለን ነበር። በ40ኛው ቀን ግን መዳፉና ውስጥ እግሩ ቀላ፣ ተቅማጥም ያዘው፤ «የእህቱ ሴሎች እየወጉት ነው» አሉን። አሁን 5ኛ ወሩ ነው፤ ሽፍታው ጠፍቷል። ጥቃቱን ከሚያበርዱት መድኃኒቶች ፕሬድኒሶሎኑ እየተቀነሰለት ነው፣ ሳይክሎስፖሪንም ይወስዳል። የተመሳሰለ ሴል እንዴት ይወጋል? የደም ቁጥሩ ደህና ከሆነ መድኃኒቱን ብናቆምስ? ለመከር አያቱ ዘንድ ገጠር ልወስደው አስቤያለሁ።
አባት፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ እንኳን ልጅዎን ይዘው ለቤትዎ በቁ። «መቶ በመቶ» የተባለው ኤችኤልኤ የሚባለው የሴል መታወቂያ ነው። በእሱ ወንድምና እህት የሚገጥሙት ከ4 አንድ ጊዜ ነው፤ ዕድለኞች ናችሁ። ቢሆንም ከኤችኤልኤ ውጭ ያሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ይለያያሉ። ወንድ ልጅ ከዋይ ክሮሞዞሙ የሚያገኛቸው ፕሮቲኖች በእህቱ ገላ ውስጥ ስለሌሉ፣ የእሷ ቲ-ሴሎች (ባዕድን የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች) እንደ ባዕድ ያዩዋቸዋል። ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ብርቱ መድኃኒት ደግሞ የአንጀትን ሽፋን ይጎዳል፤ ከጉዳቱ የሚወጡት ኬሚካሎች ቲ-ሴሎቹን ቀስቅሰው ያራቧቸዋል። ከዚያ ቆዳን፣ አንጀትንና ጉበትን ያጠቃሉ። ይህን የሚያበርዱ ተቆጣጣሪ ቲ-ሴሎችም አሉ፤ እነሱ ሲያንሱ በሽታው ይበረታል።

የደም ቁጥሩ አያዘናጋችሁ። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በ2 እስከ 4 ሳምንት ይመለሳሉ፤ ቲ-ሴሎች ግን ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃሉ። አዲስ ቲ-ሴል የሚሠለጥነው ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው ታይመስ ነው። የልጆች ታይመስ ከአዋቂ ይልቅ ብርቱ መሆኑ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ይህ የሴሎቹ ጥቃትም ፕሬድኒሶሎኑም ግን ያዳክሙታል።

መድኃኒት በራሳችሁ ፈጽሞ አታቁሙ። ጥቃቱ ሊያገረሽ ይችላል፤ ከዚህም ሌላ ለሳምንታት ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሰውነት ኮርቲዞል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚቀንስ፣ በድንገት ሲቋረጥበት የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሳይክሎስፖሪንን በየ12 ሰዓቱ ስጡት። መጠኑ በደም በሚለካበት ጠዋት ግን መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱና ደም ከተቀዳ በኋላ ይዋጥ፤ አስቀድሞ ከዋጠ ውጤቱ ከፍ ብሎ ያሳስታል። ኤሪትሮማይሲን (አንቲባዮቲክ) እና ፍሉኮናዞል (የፈንገስ መድኃኒት) መጠኑን ሽቅብ ይገፉታል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፤ ሪፋምፒሲን (የቲቢ መድኃኒት) ያወርደዋል። ስለዚህ ፋርማሲ ስትሄዱ ሳይክሎስፖሪን እንደሚወስድ ሳትናገሩ ምንም አትግዙ። የቤት ውስጥ የቅጠላቅጠል መድኃኒትም ይቅር።

መከሩ ዘንድሮ ይለፈው። በጭድ፣ በአውድማ አቧራና በጎተራ ውስጥ አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ አለ፤ ፕሬድኒሶሎን ሻጋታውን የሚውጡትን ሴሎች ስለሚያደነዝዝ በሳንባው ላይ ሊያድግ ይችላል። ጉንፋን ከሌለባቸው አያቱ ቢመጡለት ይሻላል። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ከእሱ የተሠራ እርጎና አይብ አይስጡት። ሻጋታ የነካው እንጀራ ጠርዙ ተቆርጦ አይበላም፣ ሙሉው ይጣል። ፀሐይ የቆዳውን ጥቃት ሊቀሰቅስ ስለሚችል ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ልብስ ይልበስ።

ተቅማጥ ከመጣ በመለኪያ ለኩት፦ በቀን በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ማለትም 25 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 250 ሚሊ ሊትር ከደረሰ በዚያው ዕለት ለሐኪሙ ደውሉ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሲደርስ፣ በፓራሲታሞል አብርዳችሁ ሳትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ደም ካስፈለገው በጨረር የታከመ መሆን እንዳለበት ተናገሩ፤ ያልታከመ ደም ውስጥ ያሉ ቲ-ሴሎች ይህንኑ ጥቃት ሊጀምሩ ይችላሉ።

የኩፍኝ ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ቢያንስ እስከ 24 ወር፣ ከዚያም መድኃኒቱ ሳይቆም፣ አይሰጠውም፤ በትምህርት ቤት ዘመቻ እንዳይከተብ ለመምህሩ ንገሩ። የፖሊዮ ጠብታም ሕያው ቫይረስ ስለሆነ አይሰጠው። ቫይረሱ ከተከተበ ሕፃን ሰገራ ስለሚተላለፍ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት ሲመጡ ለታናናሾቹ ከማስጠታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።