የአንባብያን ጥያቄ፦ የጆቶ ሰማያዊ ለምን ተላጠ?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ሥዕል እማራለሁ። ጆቶ ፓዱዋ በሣላቸው ሥዕሎች ላይ ቀዩና ቢጫው እንዳለ ሆኖ ሰማያዊው በየቦታው የተላጠው ለምንድን ነው? አሠራሩን ቤቴ ልሞክረው ብል ከምን ልጀምር? (ከአራዳ)

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1337 ያረፈው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆቶ ዲ ቦንዶኔ የፓዱዋውን ጸሎት ቤት ለባለጸጋው ኤንሪኮ ስክሮቬኚ የሣለው በ1305 ገደማ ነው። ኢያቄምና ሐና፣ የእመቤታችን ልደት፣ ከዚያም የጌታችን ሕይወት በየረድፉ ተሥለዋል፤ የልደታን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ያለ አስጎብኚ ይከተላቸዋል።

ቀለሙን የያዘው ሙጫ አይደለም። በውሃ ብቻ ተበጥብጦ ባልደረቀ የኖራ ልስን ላይ ይቀባል፤ ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ድንጋይ ሲሆን ቀለሙን አብሮ ያስረዋል። ሰማያዊው ግን አዙራይት ከተባለ የመዳብ ማዕድን የተፈጨ ነው። እርጥብ ኖራ ስለማይስማማው ልስኑ ከደረቀ በኋላ በማጣበቂያ ተቀባ፤ ማጣበቂያው ሲያረጅ ረገፈ። ፍሎረንስ፣ ሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጆቶ በሣላቸው ሁለት ጸሎት ቤቶች ልዩነቱ ጎን ለጎን ይታያል። የባርዲ ጸሎት ቤት በእርጥብ ልስን ላይ ተሣለ፤ አጠገቡ ያለው የፔሩዚ በአብዛኛው በደረቅ ተሠርቶ ክፉኛ ደብዝዟል። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት የተለመደው ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሠርቶ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ ጠላቱ ሌላ ነው፦ ጣሪያ ሲያፈስ ጨርቁ ይነሳል።

ለሙከራ ጡብ በቂ ነው። በውሃ በደንብ ያርሱት፤ ደረቅ ጡብ የልስኑን ውሃ ጠጥቶ ያሰነጥቀዋል። በውሃ ተበርዶ የቆየ 1 እጅ ኖራ ከታጠበና ከተነፋ 2 እጅ አሸዋ ጋር ይለውሱ። ኖራ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያድርጉ። ጄሶ በኖራ ቦታ አይገባም፤ በደቂቃዎች ስለሚጠነክር ቀለሙን አያስርም። ሲሚንቶም ጨው እያወጣ ገጹን ያነጣዋል። መጀመሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ሻካራ ልስን ይምቱ፣ ሲጠነክር እንደገና አርሰው 5 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ይደርቡበት። ጣት መስመጥ ሲያቆም ይጀምሩ፤ ከላይ ወደ ታች ይሥሩ። በዕለቱ ያልተቀባው ልስን ሰያፍ ተቆርጦ ይጣላል። የጆቶ የየዕለት ሥራ መጋጠሚያ ዛሬም ቀርቦ ለሚያይ ይለያል።

በቀይ አፈር፣ በቢጫ አፈርና በከሰል ይጀምሩ፤ ሲደርቁ እንደሚፈኩ አስቀድመው ያስቡ። ነጩን ከራሱ ከኖራው ያውጡ። ከጆቶ የሚቀድመው ሠዓሊ ቺማቡዌ በጣሊያኗ አሲዚ ከተማ የእርሳስ ነጭ ተጠቅሞ ነበር፤ ብርሃን የነበረው ቦታ ዛሬ ጠቁሮ ይታያል።