«ጅረቱ መሬቴን በላው»፦ ከዳሩ በፊት አናቱን ይዩ

ከአዴት አካባቢ የተላከ ደብዳቤ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጤና ይስጥልኝ። በማሳዬ ሥር የሚያልፍ ጅረት አለ። ልጅ ሳለሁ ዘልዬ እሻገረው ነበር። አሁን በሬ ከገባበት በገመድ ካልተሳበ አይወጣም። በየዓመቱ መሬቴን እየበላ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ጤፉን እንደያዘ ተንዶ ወረደ። አምና ድንጋይ ሞልቼበት ነበር፣ ጎርፉ ወሰደብኝ። ዳሩ ላይ ባህር ዛፍ ብተክል ይይዝልኛል ወይ?»

ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ጤፍ እንደያዘ የሚናድ መሬት ማየት ሆድ ያባባል። በዚያ ላይ የሚሄደው አፈር ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ በቀጥታ የሚመስለኝን ልንገርዎት።

ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ነገር ዓይኔን ያዘው። አንደኛው የበሬው ጉዳይ ነው። ጅረቱ ሰፋ ብቻ ሳይሆን ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው። ሁለተኛው «ዝናቡ ሊወጣ ሲል» ያሉት ነው። ዳሩን የሚበላው የጎርፍ ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐምሌ ላይ፣ ደራሹ ሲመጣ ይናድ ነበር።

የአፈሩን ዓይነት አልነገሩኝም። እኔ ግን ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው እላለሁ። ዋልካ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ይከርማል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጠግቦ ይከብዳል። ጅረቱ ሙሉ እያለ ውሃው ራሱ ዳሩን ደገፍ አድርጎ ያቆመዋል። ጅረቱ ሲጎድል ድጋፉ ይቀራል። አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ገና አልወጣም፣ ወደ ጅረቱ ይገፋል። ዳሩ አጭር ቢሆን ይችለው ነበር። ሁለት ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ እርጥብ ዋልካ ግን አይችልም፣ ቁልቁል ይንሸራተታል። ከእናንተ ብዙ በማይርቀው ደብረ ማዊ ተመራማሪዎች ለዓመታት ቦረቦር (ጎርፍ የቆፈረውን ገደል) ሲለኩ ያዩት ይህንኑ ነው። ውሃ የሚተኛበት የሸለቆ ግርጌ ላይ ነው ቦረቦሩ የሚከፋው።

እንግዲህ የሚናደው ዳሩ ቢሆንም ችግሩ የጀመረው ወለሉ በመውረዱ ነው። ወለሉን የሚያወርደው ደግሞ አናቱ ነው። ጅረቱ ሲደርቅ ውስጡን ይዘው ወደ ላይ ይሂዱ። አንድ ቦታ ላይ ወለሉ እንደ ደረጃ ተቆርጦ፣ ውሃው የሚወድቅበት ጉድጓድ ሠርቶ ያገኙታል። አናት የምለው እሱን ነው። ውሃው ሥር ሥሩን እየቦረቦረ፣ ላዩ እየተደረመሰ በየክረምቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ከእርስዎ ማሳ ከወጣ ደግሞ ወደ ጎረቤትዎ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልውቀስዎት፣ ቅር አይበልዎት። በየሄድኩበት ስለማየው ነው። ዋልካ ላይ ጤፍ ሲዘራ ፈሰስ (የማሳውን ውሃ የሚያወጣ ቦይ) ማውጣት ግድ ነው፣ ይገባኛል። ግን የማሳው ፈሰስ ሁሉ በአንድ መስመር ቁልቁል ወርዶ ጅረቱ አፋፍ ላይ እንዲወድቅ ይደረጋል። ያ የሚወድቅ ውሃ በሁለት ክረምት አዲስ አናት ይከፍታል። ከዋናው ጅረት ወደ ማሳዎ የገቡ ትንንሽ ቅርንጫፎች ካሉ፣ መነሻቸው ላይ የራስዎን ፈሰስ ያገኙታል ብዬ እፈራለሁ። ከዘንድሮ ጀምሮ ፈሰሱን አግድመት፣ ለስለስ ባለ ተዳፋት ወስደው ሳር ያለበት ቦታ ላይ ይልቀቁት።

ዋናው ሥራ ግን አናቱን ማስተኛት ነው። ሲሚንቶም ጋቢዮንም (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) አይጠይቅም። ዶማ፣ አካፋ፣ ድንጋይና ጥቂት ቀን ወንፈል ይበቃል። ጤፉ ከተወቃ በኋላ ጥር ላይ ይጀምሩ። ከዘገዩ ዋልካው ደርቆ ዶማ አያስገባም።

ቀጥ ብሎ የቆመውን አናት ከላይ ጀምረው ይቁረጡት። ቁመቱ አንድ ክንድ ከሆነ ቢያንስ አንድ ክንድ ወደ ኋላ፣ አራት ክንድ ከሆነ አራት ክንድ ወደ ኋላ። ሰው ዘንበል ብሎ የሚወጣው ዳገት ይሁን። በሥሩ ቆሞ የሚቆፍር ሰው እንዳይኖር። ከአፋፉ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ ስንጥቅ ካዩ ያ ክፍል ሊወርድ ነው፣ እሱን አስቀድመው ከላይ ያውርዱት።

ከዚያ ጠጠር ያልብሱት። ጠጠሩን አይዝለሉት። እሱ ከሌለ ውሃው በድንጋዮቹ መሃል አፈሩን እየመጠጠ ያወጣዋል። በላዩ ድንጋይ ይደርድሩ፣ ከታች ወደ ላይ። ትልልቆቹ እግሩ ላይ፣ ግማሽ ድረስ ተቀብረው። መሃሉ ዝቅ፣ ጎንና ጎኑ ከፍ ይበል፤ ውሃው መንገዱ መሃል እንዲሆን። ያምናው ድንጋይዎ የሄደው ምናልባት በዚህ ነው። ተከምሮ መሃሉ ሲያብጥ ውሃው በጎን ዞሮ ዳሩን ቆፈረው።

ከተደረደረው ድንጋይ ዝቅ ብሎ ሁለት ሦስት ቦታ ከጉልበት የማይበልጥ የእንጨት ክትር ይሥሩ። ጫፎቹ ሁለቱም ዳር ውስጥ አንድ ክንድ ይግቡ። አፈር እየያዘ ወለሉን ከፍ ያደርግልዎታል፣ ወለሉ ከፍ ሲል ዳሩ ያጥራል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ በድንጋዮቹ መሃልና በዳሩ ዝሆኔ ሳር ይትከሉ። በውሃው ዳር ደግሞ የአሃያ ቅርንጫፍ ቆርጠው ይሰኩ፣ ያለችግር ይበቅላል። ሳሩ ከብት ከገባበት ሁሉም ድካም ከንቱ ነው። አጭደው ያብሉ።

ባህር ዛፉን ይተዉት። አፋፉ ላይ ይከብዳል፣ ሥሩ ያለውንም ሳር ያጠፋል። አፈር የሚይዝልዎት ሳሩ ነው።

የአናቱ ቁመት ከሦስት ሜትር ካለፈ ብቻዎን አይንኩት። ለጣቢያው የግብርና ባለሙያ አሳይተው በጥር ወር የተፋሰስ ሥራ ዕቅድ ውስጥ ያስገቡት። አናቱ ጎረቤትዎ ዘንድ ከሆነም አብረው ይሥሩት፣ እሱም ሊናድበት ነው።

ሲጨርሱ ከአፋፉ ወደ ማሳው በየአንድ እርምጃው አምስት ካስማ ይትከሉ። መስከረም ላይ ስንቱ እንደቆመ ቆጥረው ይጻፉልኝ።