ወፍራም ድምፅ ከፍ የሚለው ሲቀጥን ነው

የጠየቅከው «ድምፄ ወፍራም ነው፣ መዝፈን ገና መጀመሬ ነው፤ ዘፈኑ ከፍ ሲል ወይ እጮሃለሁ ወይ ድምፄ ይሰነጠቃል፣ ምን ላድርግ?» ብለህ ነው። ወንድሜ፣ የሚያስቸግርህ የጉልበት ማነስ ሳይሆን መብዛቱ ነው።

ከመሃል ዶ (በፒያኖ መሃል አካባቢ ካለችው ዶ) በላይ ያለችው ሚ ላይ የድምፅ አውታሮች በሰከንድ 330 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ፤ አንድ ኦክታቭ ታች ባለችው፣ ማለትም ወደ ታች ቀጥላ በምትገኘው ሚ፣ 165 ጊዜ። ለዚህ እንደ ክራር ጅማት መወጠርና መሳሳት አለባቸው። በንግግር ድምፅህ ውፍረት ልውጣ ካልክ አይሳሱም፤ አየር ትጨምራለህ፣ አንገትህ ይገተራል፣ አገጭህ ይነሳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች በብዛት የሚቸገሩት ከመሃል ዶ በላይ ሬ፣ ሚና ፋ አካባቢ ነው።

ከጁስ ቤት ስትሮ ያዝ። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጫፉን 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ንከርና «ኡ» እያልክ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ተንሸራተት፣ 5 ደቂቃ። አረፋው ሳይቆራረጥ ከወጣ አየርህ ልክ ነው፤ ውሃው ከብርጭቆው ከዘለለ ገፍተሃል ማለት ነው። ቀጥሎ ከንፈርህን «ብርርር» እያደረግህ ዶ-ሬ-ሚ-ፋ-ሶ ወጥተህ ውረድ፤ በየዙሩ በኪቦርድ ወይም በስልክ ፒያኖ አንድ ቁልፍ ከፍ በል፣ ጥቁሩንም ሳትዘል። ላይ ስትደርስ ድምፅህ ይቀጥናል፣ ያንሳል። ብዙ ጀማሪ «ይሄማ የኔ ድምፅ አይደለም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። አትተው አቦ! የሚፈለገው እሱ ነው፤ ጉልበቱ በኋላ ቀስ በቀስ ይጨመርበታል። አገጭህ መነሳት ሲጀምር ሁለት ቁልፍ ወርደህ ጨርስ። በቀን ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ፣ አንዴ ሰዓት ሙሉ ከመልፋት ይበልጣል። ለውጡ የሚመጣው በወራት ነው።

ወደ ዘፈኑ ስትመለስ፣ የከበደህን ሐረግ መጀመሪያ በግጥሙ ሳይሆን በ«ሙ» ዝፈነው፤ ዜማው ሲቀል ቃላቱን መልስ። በአማርኛ ላይኛው ኖታ በቀ፣ በጠ ወይም በጨ ሲጀምር ጉሮሮ ይዘጋል፤ እነሱን ለስለስ አድርገህ ቶሎ አናባቢው ላይ ድረስ። «አ» ደግሞ ላይ ሲሆን አፍ ያስከፍትና ወደ ጩኸት ይወስዳል፤ ትንሽ ወደ «ኦ» ጠጋ አድርገው፣ ሰሚ ልዩነቱን አያውቀውም።

እስከዚያው ኪይ (ዘፈኑ የሚመታበትን ከፍታ) አስወርድ፣ ነውር የለውም። ከዶ የሚመታውን ትዝታ ከታች ካለው ላ ቢመታልህ 3 ግማሽ ቃና (ጥቁሩንም ቆጥረህ 3 ቁልፍ) ወረደ፤ በኪቦርዱ ትራንስፖዝ (ከፍታ መቀየሪያ) የሰከንድ ሥራ ነው። ክራር ከሆነማ ድሮም የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ ነው።

የድሬዳዋ ነገር ደግሞ አለ። ሙቀቱና ቬንትሌተሩ ጉሮሮ ያደርቃሉ፣ ጫት ይብሳል፤ ከበርጫ በኋላ ላይኛውን ድምፅ አትሞክር። የጠጣኸው ውሃ አውታሮቹን በቀጥታ አይነካም፣ በሰውነት ዞሮ ነው የሚደርሳቸው፤ ስለዚህ ከጠዋት ጀምረህ ጠጣ እንጂ መድረክ ላይ ልትወጣ ስትል አይደለም። ከልምምድ በኋላ ድምፅህ ከሻከረ ያን ቀን እረፍ፤ መሻከሩ 3 ሳምንት ካለፈ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።