ናፍጣ ወይስ ኤሌክትሪክ? መጀመሪያ ቫኑ የት እንደሚያድር ይንገሩን

ጥያቄ፦ የጽሕፈት መሣሪያና ወረቀት በጅምላ አከፋፍላለሁ። ሦስት የናፍጣ ቫኖች አሉኝ። ሁለቱ ከተማ ውስጥ ሲዞሩ ይውላሉ፤ ቢበዛ በቀን 110 ኪሎ ሜትር ነው። ሦስተኛው ግን ጢም ብሎ ተጭኖ ከከተማ ይወጣል፤ 300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። ሦስቱም ስላረጁ ልቀይራቸው አስቤያለሁ። ገሚሱ «ኤሌክትሪክ ግዛና ተገላገል» ይለኛል፣ ገሚሱ ደግሞ «ባትሪው ሲሞት ጉድህ ይፈላል»። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሦስቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ ያለዎት ማነው? እኛ ብንሆን የከተማዎቹን ሁለቱን በኤሌክትሪክ ቀይረን፣ ሦስተኛውን ለጊዜው በናፍጣ እንቀጥላለን።

መካከለኛ የናፍጣ ቫን በ100 ኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 10 ሊትር ይጠጣል። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ 10 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪዎ የሚቆጥርበት መለኪያ) ገደማ ጉልበት አለ፤ የሚበዛው ግን ሙቀት ሆኖ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ይወጣል። ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ቫን ያንኑ 100 ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ኪሎዋት ሰዓት በሚሆን ጉልበት ይጨርሰዋል። እነዚህን ቁጥሮች እርስዎ በሚከፍሉት የናፍጣና የመብራት ዋጋ ያባዙና ልዩነቱን በዓይንዎ ይዩት። የሞተር ዘይት የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ የፍሬን ሸራም ቶሎ አያልቅም፤ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላልና።

ደግሞ ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ ማለት ለዘመናዊ ናፍጣ መርዝ ነው። ጥላሸት የሚይዘው ፊልትሮ ራሱን የሚያጸዳው ጭሱ በደንብ ሲግል ብቻ ነው። በአጭር በአጭር ጉዞ ደግሞ አይግልም። ይደፈናል፣ መብራቱ ይበራል፣ ከዚያ ጋራዥ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቫኖቹ ማታ የት ያድራሉ? ግቢዎ ውስጥ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ 110 ኪሎ ሜትር ሄዶ የገባ ቫን 7 ኪሎዋት በሚሰጥ ቻርጀር አምስት ሰዓት ገደማ ቢሰካ ይበቃዋል። ሾፌሮቹ ይዘዋቸው ወደ ቤት የሚሄዱና መንገድ ዳር የሚያሳድሯቸው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። በሕዝብ ፈጣን ቻርጀር ላይ ጥገኛ ይሆናሉ፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከራስዎ ቆጣሪ ይወደዳል፣ ሾፌሩ ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓትም የእርስዎ ወጪ ነው። ስለዚህ ከመኪና ሻጩ በፊት ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ሁለት ቻርጀር አንዴ ሲሰካ 14 ኪሎዋት ነው፤ መስመርዎ ይችለዋል ወይ?

ሦስተኛውን ያልነካነው በሁለት ምክንያት ነው። ባትሪው ራሱ ብዙ መቶ ኪሎ ስለሚመዝን፣ በሕግ ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ የሚቀነሰው ከእርስዎ ጭነት ነው፤ ወረቀት ደግሞ እንደሚያውቁት ብረት ነው። ሌላው ፍጥነት ነው። ቫን ማለት ሣጥን ነው፤ ክፍት መንገድ ላይ ነፋሱን ሲገፋ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። መንገድ ላይ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ከ80 በመቶ በላይ በጣም ይዘገያል፤ ደንበኛ እየጠበቀ ይህን ጣጣ ምን አመጣው?

«ባትሪው ሲሞት» ላሉት፦ ባትሪ በአንድ ሌሊት አይሞትም፣ ቀስ እያለ ይደክማል። የተለመደው ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀድሞ የደረሰው፤ በዚያ ውስጥ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች እንዳይወርድ። እዚህ ላይ ብልጥ ይሁኑ። በቀን 110 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ከሠሩ 33,000 ነው። ኪሎ ሜትሩ አምስት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል! ሻጩ ስምንቱን ዓመት እየደጋገመ ሲያወራ እርስዎ ኪሎ ሜትሩን ይጠይቁት። ሲደክምም ቢሆን፣ በተግባር 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቫን 70 በመቶ ላይ ሲደርስ 140 ይሄዳል፤ ለከተማዎቹ ይበቃል።

ብሮሹሩ ላይ የተጻፈውን ርቀት ግን አይመኑ። ብርድና ማሞቂያ፣ ከዚያም ጭነት ይቆርጡታል። ከመፈረምዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ለሙከራ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። በእውነተኛ ጭነትዎ ይሞክሩት፤ የሚነዳውም ከሾፌሮችዎ ሁሉ እግሩ የሚከብደው ይሁን።