ማኑስክሪፕት ወደ ጆርናል ከመላኩ በፊት፦ የጎንደር ተመራማሪዎች ጥያቄና መልስ

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ፣ ቴዎድሮስና ሕክምና ካምፓስ የተላኩ ጥያቄዎች ናቸው። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ስለ ስኳር ሕመም የሠራሁት የማስተርስ ቴሲሴ (የመመረቂያ ጽሑፌ) 84 ገጽ ነው፤ ጆርናሉ ከ3,500 ቃል በላይ አልቀበልም ይላል። ከየት ከየት ልቁረጥ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልን እህቴ። ከቴሲሱ አትቁረጪ፣ ባዶ ፋይል ክፈቺ። ቴሲስ ማወቅሽን ለፈታኝ የምታሳዪበት ነው፤ የጆርናል ጽሑፍ ግን አንድ ጥያቄ አንስቶ እሱኑ ይመልሳል። መጀመሪያ ያንን ጥያቄ የሚመልሱ ሦስት ወይም አራት ሰንጠረዦች ምረጪ። እነሱን ይዘሽ ውጤቱን፣ ቀጥሎ ዘዴውን፣ ቀጥሎ ውይይቱን ጻፊ። መግቢያው ከሁለት ገጽ አይለፍ። አብስትራክት (አጭሩ ማጠቃለያ) መጨረሻ ላይ ይጻፋል። የሥነ ጽሑፍ ዳሰሳው ምዕራፍ፣ በጀቱና የጊዜ ሰሌዳው ይቀራሉ፤ መጠይቁን እንደ ተጨማሪ ፋይል ማያያዝ ትችያለሽ።

የጥናት አካባቢው አንቀጽ ላይ አደራ። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መመዝገቡ ለስኳር ሕመም ጥናት የሚጨምረው ነገር የለም። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ክሊኒኩ በወር ስንት ታካሚ እንደሚያይና ታካሚዎቹ ከየት እንደሚመጡ ነው። ጎንደር ከአዲስ አበባ ያላትን ርቀትም አንዱ 727፣ ሌላው 738፣ ሌላው 750 ኪሎ ሜትር ይለዋል፤ ለጥናቱ ካላስፈለገ ተዪው።

ጥያቄ፦ መረጃ የሰበሰብነው ከመጋቢት 1 እስከ 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። እንዴት ይጻፍ?

መልስ፦ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ማርች 10 እስከ ኤፕሪል 8 ቀን 2022 ይሆናል። ብዙ ሰው ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ ይሄዳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ግን የሚደመረው 7 ነው። በዚህ ምክንያት የሥነ ምግባር ፈቃዱ ከመረጃ ስብሰባው በኋላ የተሰጠ መስሎ የታየበት ጽሑፍ አለ፤ ኤዲተር ያንን ካየ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፈቃዱ ነው። የፈቃድ ደብዳቤው ቀንም አብሮ ይቀየር።

ጥያቄ፦ አንዱ ሪቪወር (ገምጋሚ) «በሰንጠረዦቹ ያሉት ቁጥሮች አይስማሙም» ብሎ መለሰልን። እኛ ግን ከስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ ከኤስፒኤስኤስ በቀጥታ ነው የገለበጥነው፤ ሰንጠረዦቹን አያይዘናል።

መልስ፦ ይህን በደንብ እንየው፤ ጥሩ ጥናት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የናሙናችሁ ቁጥር 423 ነው። አመጣጡ ይታወቃል፦ ምጣኔው 50 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ ሲሆን ቀመሩ 384 ይሰጣል፤ ለማይመልሱ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 422.4፣ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 423። ከእነዚህ የመለሱላችሁ 415 ናቸው፣ 98.1 በመቶ። እስከዚህ ደህና ነው።

አንደኛው ሰንጠረዥ ግን ወንድ 198 (46.8%)፣ ሴት 217 (51.3%) ይላል። ሁለቱ ፐርሰንት ሲደመሩ 98.1 እንጂ 100 አይመጡም። ሰዎቹ 415 ሆነው ሳለ የተካፈሉት ለ423 ነው። ትክክሉ 47.7 እና 52.3 ነው። ኤስፒኤስኤስ «ፐርሰንት» እና «ቫሊድ ፐርሰንት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ያወጣል፤ ያልመለሱት ሰዎች ባዶ ሆነው ዳታው ውስጥ ከቀሩና የመጀመሪያው ዓምድ ከተገለበጠ ይህ ይፈጠራል።

ሁለተኛ፣ የፒ ዋጋ (ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድል) 0.000 ተብሎ አይጻፍም፤ ሶፍትዌሩ አሳጥሮት ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። ከ0.001 በታች ብላችሁ ጻፉ።

ሦስተኛ፣ የተስተካከለው ኦድስ ሬሾ (ሁለት ቡድኖችን የሚያወዳድር ቁጥር፤ 1 ከሆነ ልዩነት የለም) 1.8፣ የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ ከ0.9 እስከ 3.4 ሆኖ ፒው 0.03 ሊሆን አይችልም፤ ወሰኑ 1ን አቅፏል። ለማጣራት ቀላል መንገድ አለ፦ የታችኛውንና የላይኛውን ወሰን አባዙና ስኩዌር ሩቱን አውጡ፤ ኦድስ ሬሾው ራሱ ወይም በጣም የተጠጋው መምጣት አለበት። 1.2 በ4.8 ሲባዛ 5.76፣ ስኩዌር ሩቱ 2.4። ሰንጠረዡ ኦድስ ሬሾውን 3.4 የሚል ከሆነ ሲገለበጥ ተሳስቷል።

ይህ ሲያልቅ ጽሑፉን አትሙና አብስትራክቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር በእስክሪብቶ አክብቡ፤ ያው ቁጥር ሰንጠረዥ ላይ ሲገኝ ምልክት አድርጉበት። ምልክት ያላገኘ ቁጥር ካለ ሰንጠረዡ ሲስተካከል አብስትራክቱ ተረስቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ግራፋችን ጥራት የለውም ተብሎ ተመለሰ።

መልስ፦ ማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ ተለጥፎ ከዚያ የተቀዳ ምስል ጥራቱ ይወርዳል፤ በኋላ ብታጎሉት የጠፋው አይመለስም። ከሠራችሁበት ሶፍትዌር በቀጥታ ኤክስፖርት አድርጉ። ለምሳሌ ፕሎስ ዋን የተባለው ጆርናል የሚፈልገው ቲፍ ወይም ኢፒኤስ የምስል ፋይል፣ ከ300 እስከ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ያለው የነጥብ ብዛት)፣ በ300 ዲፒአይ አግድም ስፋቱ ከ789 እስከ 2,250 ፒክስል ነው። ርዕሱን ምስሉ ላይ አትጻፉት፣ መግለጫው ጽሑፉ ውስጥ ይገባል። ወንድና ሴትን ለማሳየት ብቻ ፓይ ቻርት አትሥሩ። ሰንጠረዥ ደግሞ በወርድ ሰንጠረዥነቱ ይላካል፣ ፎቶ ተነሥቶ አይለጠፍም።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። በግእዝ ከተጻፈ ብራና የጠቀስኩት ኤዲተሩ ጋ ሲደርስ የማይነበብ ምልክት ሆነ።

መልስ፦ መምህር፣ ዩኒኮድን (የየቋንቋው ፊደል በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት እንዲነበብ የሚያደርገውን ሥርዓት) በማይከተል የድሮ ፎንት ተይቦ ይሆናል። እንዲህ ባሉ ፎንቶች የተተየቡ ከእርስዎ ኮምፒውተር ሲወጡ የላቲን ምልክት ይሆናሉ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ጥቅሱን እንደገና በዩኒኮድ ይተይቡት፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ። ከወርድ ፋይሉ ጋር ፎንቱ የተካተተበት ፒዲኤፍ አያይዙ። ግእዙን በላቲን ፊደል ሲጽፉ ጆርናሉ የሚከተለውን ሥርዓት ከመጀመሪያው ይያዙ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ በአንድ ፊደል ከተጻፉ የብራናው አጻጻፍ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የአባት ስም «ላስት ኔም» ላይ ይግባ?

መልስ፦ ይግባ፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት ስፔሊንግ። አበበ ከበደ በቫንኩቨር የዋቢ አጻጻፍ ሥርዓት «ከበደ አ» ተብሎ ይጠቀሳል። አንዴ የአያት ስም፣ አንዴ የአባት ስም መጨረሻ ላይ ካስገባህ ሥራህ የሁለት ሰው ይመስላል። ባለ 16 አኃዙን የተመራማሪ መለያ ቁጥር፣ ኦርኪድን፣ ዛሬውኑ አውጣ፣ በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ የክፍል ኃላፊያችንን ስም ከጸሐፊዎቹ ጋር ማስገባት አለብን?

መልስ፦ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፦ በሐሳቡ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ መኖር፤ መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱንም ያላሟላ ምስጋና ላይ ይገባል። ይህን ከመጻፋችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ በኋላ ሰውን ያቀያይማል።

ጥያቄ፦ በሦስት ቀን እናትማለን የሚል ኢሜይል መጣልኝ።

መልስ፦ ተዪው፣ በሦስት ቀን በባለሙያ የሚገመገም ጽሑፍ የለም። ጆርናሉ ዶአጅ በተባለው የነፃ ንባብ ጆርናሎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን፣ የቦርዱ አባላት በየተቋማቸው ገጽ መገኘታቸውን እዪ። የክፍያ ጉዳይ ካስጨነቀሽ ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ከኢትዮጵያ ለሚላክ ጽሑፍ ክፍያ ያነሣሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ጥያቄው ግን ጽሑፉ ሲላክ ነው የሚቀርበው፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ጥያቄ፦ ለሁለት ጆርናል አንድ ላይ መላክስ?

መልስ፦ አይቻልም። የመጀመሪያው በጽሑፍ ሳይመልስልህ ወይም አንተ በጽሑፍ ሳታነሣው ለሌላ አትላክ።

ጥያቄ፦ ሁሉን ጨርሻለሁ፣ የመጨረሻውን በተን ልጫን?

መልስ፦ ትንሽ ቆይ። ሲስተሙ ፋይሎችህን አገጣጥሞ አንድ ፒዲኤፍ ይሠራል፤ ሪቪወሩ የሚያየው እሱን ነው። አውርደህ እስከ መጨረሻው ገጽ ክፈተው። የመስመር ቁጥር ሳይቋረጥ መሄዱን፣ ሰንጠረዥ ከገጹ አለመቆረጡን፣ በዋቢ ማደራጃው በዞቴሮ የገባ ዋቢ «ኤረር» አለመሆኑን እይ። ግምገማው ስም የሚደብቅ ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃዱ አንቀጽ ላይ የተቋሙ ስም፣ የወርዱ ፋይል ፕሮፐርቲ ላይ የአንተ ስም አለመቅረቱን አረጋግጥ። ትራክ ቼንጅስንም (የወርድን የእርማት መከታተያ) ከነአስተያየቶቹ አጥፋ፤ የአማካሪህ የቀይ ቀለም አስተያየት ሪቪወር ዘንድ መድረስ የለበትም።