የነፍሳት አካል ከበሊታ እንዴት ያድናቸዋል? ለኬጂና ለ1ኛ ክፍል መምህራን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጆች አስተምራለሁ። ከየት ልጀምር?

ከበሊታው፣ ማለትም ነፍሳቱን ከሚበላው እንስሳ፣ ይጀምሩ። «ጥንዚዛ ጠንካራ ቅርፊት አላት» ብለው ቢነግሩት ልጁ ይደግመዋል እንጂ አይገባውም። «ወፍ ብትሆን ይህችን ጥንዚዛ እንዴት ትበላት ነበር?» ሲባል ግን የቅርፊቱን ጥቅም ራሱ ይደርስበታል። በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ መከላከያ ብቻ ያስተምሩ፤ ሁለት ሲሆን ይምታታባቸዋል።

ጥያቄ፦ ቅርፊቱን በምን ላሳያቸው?

በሊጥና በክብሪት ሳጥን። ሁለት ትንንሽ የሊጥ ድቡልቡሎች ያዘጋጁ። አንዱን ባዶ የክብሪት ሳጥን ውስጥ ይክተቱ፣ ሌላው ውጭ ይቀመጥ። ልጆቹ ሁለቱንም በአንድ ጣት ይጫኑ። ውጭ ያለው ይዳጣል፣ ሳጥን ውስጥ ያለው ይተርፋል። ከዚያ ክንዳቸውን እንዲዳብሱ ይንገሯቸው፦ የእኛ አጥንት ከሥጋ በታች ነው፣ የጥንዚዛዋ ከላይ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስህተት «ቅርፊቱ አብሯት ያድጋል» ማለት ነው። አያድግም። ያደገች ጥንዚዛ ቅርፊቷን አትቀይርም። በማደግ ላይ ያለች ፌንጣ ግን ቅርፊቷ ሲጠባት ይሰነጠቅና ለስላሳ አካል ይዛ ትወጣለች፤ አዲሱ እስኪጠነክር ለአደጋ የተጋለጠች ናት። ሣር ላይ ፌንጣ የጣለችው ቆዳ ከተገኘ ለክፍሉ ትልቅ ሀብት ነው፦ እግሩና አንቴናው ሳይቀር አለ፣ ጀርባው ላይ የተሰነጠቀው መውጫዋ ነው።

ጥያቄ፦ ከአካባቢ ጋር ተመሳስሎ መደበቅን በጨዋታ ማሳየት ይቻላል?

በጣም። 20 አረንጓዴና 20 ቀይ የሹራብ ክር፣ እያንዳንዳቸው 3 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው ልጆቹ ሳያዩ 5 በ5 ሜትር በሆነ ሣር ላይ ይበትኑ። ልጆቹ ወፎች ናቸው፤ ምንቃራቸው አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ነው። በ30 ሰከንድ አንድ አንድ እያነሱ ኩባያ ውስጥ ይጨምሩ። በመጨረሻ በየቀለሙ ቆጥረው ጎን ለጎን ይደርድሩት።

ጨዋታው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በክሩ ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ አረንጓዴው ክር ራሱ ጎልቶ ይታያል፤ ያኔ ገለባ የሚመስል ክር ይጠቀሙ። ክሩ ተጠቅልሎ ከወደቀም በጥላው ይታወቃል፣ ስለዚህ በደንብ ይዘርጉት። ቀጥሎ አንዱን አረንጓዴ ክር በረዥም ነጭ ክር አስረው ቀስ ብለው ይጎትቱት። ሁሉም በአንዴ ያዩታል፤ ፌንጣ ሰው ሲቀርባት መጀመሪያ ድርቅ ብላ የምትቆመው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቹ «ፌንጣ አረንጓዴ የሆነችው መደበቅ ፈልጋ ነው» ይላሉ። ላርማቸው?

ያርሟቸው፣ ግን በአጭሩ፦ «የታዩት ተበሉ፣ ያልታዩት ተርፈው ወለዱ።» ለዚህ ዕድሜ ይበቃል።

ጥያቄ፦ መደበቅ የሚያድን ከሆነ ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ለምን እንዲህ ትታያለች?

መታየቷ ይጠቅማታል። ስትነካ ከእግሯ መገጣጠሚያ ቢጫ፣ የሚሸትና የሚመር ፈሳሽ ታወጣለች። አንዴ የቀመሰች ወፍ ቀዩን ቀለም ታስታውሳለች፤ ጥንዚዛዋ ግራጫ ብትሆን ኖሮ ወፏ የምታስታውሰው ምልክት አይኖራትም ነበር። ብርቱካናማዋ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነችው ቢራቢሮም እንዲሁ ናት። አባጨጓሬዋ ወተት የሚያፈስሱ መርዛማ ተክሎችን በልታ መርዙን በአካሏ ታስቀምጣለች።

በክፍል ውስጥ፦ ቀይ ነጠብጣብ በተለጠፈበት ኩባያ ግማሽ ስኒ ውሃ ከ1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ። ወላጆችን አስቀድመው ያስፈቅዱ። እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ማንኪያ ይቅመስ፣ ከዚያ ሁለተኛ ዙር ኩባያውን ራሱ ይምረጥ። የመጀመሪያው ልጅ «ይኮመጥጣል!» ብሎ ከጮኸ ሌሎቹ ከቀለሙ ሳይሆን ከጓደኛቸው ይማራሉና አንድ በአንድ ከመጋረጃ ጀርባ ያስቀምሷቸው።

ጥያቄ፦ ሸረሪት ይካተታል?

ሸረሪት 8 እግር አለው፤ ነፍሳት 6። እግር ያስቆጥሯቸውና ይለፉት።

ጥያቄ፦ በሕይወት ያለ ነፍሳት ባመጣስ?

ፌንጣ ጥሩ ነው። አፈ ሰፊ ብልቃጥ ውስጥ፣ በስስ ጨርቅና በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ወደተገኘበት ይመለስ። ንብና ተርብ አይምጡ። ብርቱካናማና ጥቁር ቀለም የተፈራረቀባት፣ ጉንዳን የምታህል ቀጭን ጥንዚዛ ልጅ ላይ ካረፈች በእጅ አይጨፍልቋት፤ ፈሳሿ ቆዳ ያቆስላል። እፍ ብለው ያስነሷትና ቦታውን በሳሙና ይጠቡት።