አዮን ቻናል አጥንቶ ሥራ ይገኛል ወይ? ለደሴዋ ተማሪ

እህቴ፣ ደሴ የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ ጽፈሽልኛል። በሕዋስ ሽፋን ላይ ያሉትን አዮን ቻናሎች፣ ማለትም እንደ ፖታሲየም ያሉ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች (አዮኖች) የሚያልፉባቸውን በሮች፣ የሚሠሩት ጂኖች ልብሽን ወስደውታል፤ «የላቦራቶሪ መሣሪያው በእጄ ሳይኖር ይህን ማሰብ ቅዠት ነው? ሥራስ ያስገኛል?» ብለሻል።

አብሽሪ፣ ቅዠት አይደለም። «የአዮን ቻናል ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ግን አትጠብቂ። ቀጣሪ የሚጠይቅሽ ዲኤንኤ ማውጣት፣ ፒሲአር (የዲኤንኤን ቁራጭ የማባዛት ዘዴ) መሥራትና የጂን ቅደም ተከተል መተንተን መቻልሽን ነው። ቻናሉን እያሳደድሽ እነዚህን ትለምጃለሽ።

ድሮ ፍለጋው አድካሚ ነበር። የበርበሬን ማቃጠል የሚያሳውቀን ቻናል ጂን እ.ኤ.አ. በ1997 ሲገኝ፣ የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ከስሜት ነርቭ የተወሰዱ ጂኖችን በርበሬ ምንም በማይላቸው የኩላሊት ሕዋሶች ውስጥ በቡድን በቡድን እያስገባ፣ ካልሲየም የገባበትን ሕዋስ ይለቅም ነበር።

ዛሬ መጀመሪያው ኮምፒውተር ነው። የማሽላ ጂኖም (ሙሉው የዘር መረጃው) እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሞ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ዩኒፕሮት ከተባለው የፕሮቲን መረጃ ቋት፣ አራቢዶፕሲስ የተባለችውን ተክል ካት1 የተባለ የፖታሲየም ቻናል ፕሮቲን አውርጂና፣ ተመሳሳይ ቅደም ተከተል በሚፈልገው ብላስት በተባለ ፕሮግራም ከማሽላ ፕሮቲኖች ጋር አስተያዪው። ከሚመጡልሽ ውስጥ ግላይሲን፣ ታይሮሲን፣ ግላይሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ተከታትለው ያሉባቸውን ለዪ፤ ቻናሉ ፖታሲየምን ከሶዲየም የሚለየው በዚያች ጠባብ ቦታ ነው። የሌላቸውንም አትጣዪ፣ ለምን እንደሌላቸው ጻፊ።

ካት1ን የመረጥኩልሽ በምክንያት ነው። በቅጠል ቀዳዳ ግራና ቀኝ ባሉት ሕዋሶች ፖታሲየም ያስገባል፤ ውሃ ይከተላል፣ ሕዋሶቹ ያብጣሉ፣ ቀዳዳው ይከፈታል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ጂኑ የታወቀው ስላክ1 የተባለ ሌላ ቻናል አሉታዊ አዮኖችን እያስወጣ ቀዳዳውን ያዘጋል። ቆቦ ላይ ዝናብ ቀድሞ ሲቆም ማሽላው ምን እንደሚሆን ላንቺ አልነግርሽም። ስለዚህ ጥያቄሽ ከአገርሽ ማሳ ጋር ይገናኛል፤ ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ማሽላ ላይ ይሠራልና ለልምምድ አመልክቺ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፦ መመሳሰል ማረጋገጫ አይደለም። ቻናል መሆኑ የሚረጋገጠው ጂኑ በእንቁራሪት እንቁላል ወይም በሌላ ሕዋስ ገብቶ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ሲለካ ነው። ያ ለማስተርስሽ ይቆይ፤ አሁን «እጩ ጂን» ብለሽ ጻፊ። ይህን ጥንቃቄ መምህራን ያከብሩታል።

የመመረቂያ ርዕስ ከመመረጡ በፊት የእጩዎቹን ሰንጠረዥ ይዘሽ አማካሪሽ ዘንድ ግቢ።